«ቤቶች!» እያለ የቆመው ኮምፒውተር

ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ሃንግ ሲያደርግ ሐኪም የማይሆን ሰው የለም። የፈረቃ አለቃው ገና በሩ ላይ ቆሞ «ቫይረስ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ የእሱም ላፕቶፕ እንዲሁ አድርጎት እንደነበር፣ የእህቱ ልጅ ፎርማት ሲያደርግለት እንደዳነ ይመሰክራል። ኤሌክትሪሺያኑ ጋሼ እጃቸውን በቱታቸው እየጠረጉ ይገቡና «ቮልቴጅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ትላንት መብራቱ ሲመጣ እንዴት አድርጎ እንደመጣ አላያችሁም?» ይላሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማም «ልጆቼ፣ ሞቆት እንዳይሆን፤ እስቲ መስኮቱን ክፈቱለት» ይላሉ። ለታማሚው አዝኖ የተናገረ ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ጉባኤ መሀል የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ይሄ ኮምፒውተር ሲደርቅ ከማን ጋር እያወራ ነበር?

ቦታው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ይቅር። ኮንትሮል ሩሙ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የፓምፖቹን ፍጥነት የሚወስኑት ኢንቨርተሮች፣ የውሃ ፍሰት መለኪያዎች፣ የመብራት ቆጣሪዎች፣ የሙቀትና የግፊት መቆጣጠሪያዎች አሉ። በአጠቃላይ ሃያ ምናምን ይሆናሉ፤ ሁሉም በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ተሰልፈዋል። ኮምፒውተሩ ከ1ኛው ጀምሮ በየተራ «ስንት ሊትር አለፈ? ግፊቱ ስንት ደረሰ?» እያለ ይጠይቃል፤ የነገሩትን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ መጨረሻው ጋ ሲደርስ እንደገና ከ1ኛው ይጀምራል። ሌሊትና ቀን ሥራው ይኸው ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ማውሱ ክብ ሠርቶ መሽከርከር ይጀምራል፣ ስክሪኑ ነጣ ይላል፣ ከላይ ግንባሩ ላይ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ይጻፍበታል። ጉባኤው የሚጠራው ያኔ ነው።

ባገራችን ሰው ቤት የሚሄድ ጨዋ እንግዳ በር ገፍቶ አይገባም። አጥሩ ጥግ ይቆምና «ቤቶች!» ይላል። መልስ ካጣ ጥቂት ታግሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ሦስተኛ ጠርቶም ዝም ካሉት ወይ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ወይ «መጥቼ አጣኋችሁ» ብሎ የሚወቅስበትን ቀን እያሰበ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የእኛን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ኮምፒውተሩን «ቤቶች!» ማለት አሳምሮ አስተምሮታል። መሄድን ግን አላስተማረውም። ስለዚህ ከ11ኛው ቆጣሪ ደጃፍ ቆሞ ይጣራል፤ ቆጣሪው እንደሆነ ፊውዙ ከተቃጠለ ሰንብቷል። ኮምፒውተሩ እዚያ በቆመበት ሰዓት የራሱ ቤት ወጥ እያረረ ነው። ስክሪኑን የሚያድሰውም፣ የማውሱን ትእዛዝ የሚሰማውም፣ ደጅ ቆሞ የሚጣራውም ያው አንድ ራሱ ነውና።

ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም የሚመጡለትን መልእክቶች ለ5 ሰከንድ ያህል ሳያነሳ ከቆየ ትዕግሥቱ ያልቃል። በመስኮቱ ቦታ ነጣ ያለ ምስሉን ይተካና «ምላሽ አይሰጥም» ብሎ ይለጥፍበታል። እኔ ይህን ሁልጊዜ እንደ ግፍ ነው የማየው። ምላሽ ያልሰጠው ቆጣሪው፣ ስሙ የጠፋው የኮምፒውተሩ!

ኦፕሬተሯ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ዝም ብላ አትጠብቅም። ስክሪኑ ከመንጣቱ በፊት «ፓምፕ» የሚለውን ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች። አንዴ ሲጫኑት የሚያስነሳ፣ ሁለተኛ ሲጫኑት የሚያቆም ቁልፍ ነው። እነዚያ ክሊኮች የትም አይሄዱም፤ ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ሁሉንም በተርታ ይፈጽማቸዋል፤ ፓምፑ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። ጋሼ ይሄን ጊዜ «አላልኳችሁም? ቮልቴጅ ነው!» ይላሉ።

የእነዚህ መሣሪያዎች መነጋገሪያ ሞድባስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ነው። (የዚሁ ኩባንያ የመጀመሪያ ፒኤልሲ፣ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ማለት ነው፣ «084» ይባል ነበር፤ የመሥራቾቹ 84ኛ ፕሮጀክት ስለሆነ ብቻ። ስም ለማውጣት እንቅልፍ ያላጡ ሰዎች ነበሩ።) የሞድባስ ሥርዓት ከአንድ የድሮ ባላባት ቤት የተቀዳ ነው የሚመስለው። ጠያቂው አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ካልጠየቁት አፉን አይከፍትም። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 247 ባለው መሀል የራሱ ቁጥር አለው። በ0 የሚላከው ለሁሉም ነው፤ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይመልስም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ይሉኝታው ነው። ጥያቄው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢደርሰው መሣሪያው «ምን አልከኝ? አልሰማሁህም» አይልም። ዝም ይላል። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነም ዝም ነው። ሽቦው ቢበጠስ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ያው ዝም ነው። ደጅ የቆመው እንግዳ ሰዎቹ ይተኙ፣ ይሙቱ፣ ቤት ይቀይሩ በምን ይወቅ? በእጁ ያለው መሣሪያ ሰዓት ብቻ ነው። ምን ያህል ልጠብቅ የሚለውን ቆርጦ መነሳት አለበት፤ እሱን የሚቆርጥለት ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፤ ነገሩ የሚገባው ያኔ ነው። መስመሩ በሰከንድ 9600 ቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ 8 ባይት የሆነችው የተለመደች ጥያቄ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ትወስዳለች። 10 ቁጥሮች የያዘው መልስ 29 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። መሣሪያው የሚያስብበትን ጥቂት ብንጨምርለት፣ ጤነኛ ጥያቄና መልስ በ50 ሚሊሰከንድ ያልቃል። 20 ጤነኞችን በአንድ ሰከንድ ጠይቆ መጨረስ ይቻላል ማለት ነው። አሁን አንዱ ሞተ እንበል። ፕሮግራሙ 1 ሰከንድ ጠብቆ፣ ሦስቴ ጠርቶ የሚሄድ ቢሆን፣ ለዚህ አንድ ሟች 3 ሰከንድ ከፈለ፤ 60 ጤነኞችን የሚያናግርበት ጊዜ ነው። ሁለት ሲሞቱ 6 ሰከንድ፤ የዊንዶውስ ትዕግሥት ደግሞ 5 ላይ አልቋል። ይህም በየዙሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ትላንት የሞተውን ዛሬም፣ ከአንድ ዙር በፊት የሞተውንም አሁን፣ እንደ አዲስ ይጣራል።

በኔትወርክ ኬብል ሲሆን ደግሞ የባሰ ትዕግሥት አለ። የጠፋ መሣሪያ ጋር በሞድባስ በር፣ በ502 ማለት ነው፣ ለመገናኘት የሚሞክር ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ተስፋ እስኪቆርጥ 21 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በየሙከራው የሚጠብቀውን ጊዜ እጥፍ እያደረገ ነው። ትሕትናው ያስመሰግናል። ማሸጊያ ማሽን ግን በ21 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጠርሙስ እንደሚያሳልፍ ያየ ሰው አያመሰግነውም።

ፎርማቱ ተደረገ። መደረጉ አይቀርም፤ የወንድምም የእህትም ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ፣ የግድግዳ ምስሉ አረንጓዴ ኮረብታ ሆኖ ተመለሰ። አብሮ የጠፋው የፕሮግራሙ ፈቃድ ነው፤ የመሣሪያዎቹ ዝርዝርም፣ የኮንቨርተሩ ድራይቨርም የሉም። ድራይቨሩ የነበረበት ሲዲ ከማሽኑ ጋር የመጡት የውጭ አገር ቴክኒሺያኖች ከሄዱ ወዲህ የታየበት የለም። ሁሉም በብዙ ልመናና ስልክ ከተመለሰ በኋላ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ 1ኛውን ጠየቀ፣ 2ኛውን ጠየቀ፣ 10ኛውን ጠየቀ፣ ከ11ኛው ደጃፍ ሲደርስ «ቤቶች!» ብሎ ቆመ።

ሪስታርት እንኳ የተሻለ ስም አለው፤ አንዳንዴ እውነትም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገርበትን፣ ተይዞ የቀረውን የኮም በር ያስለቅቃል፣ የተኛ ኮንቨርተር ይቀሰቅሳል። ጥፋቱ ግን ባለበት አለ። ሪስታርት የሚያደርገው ሰው ቀኑን ያተርፋል፣ ምክንያቱን ያጣል።

ስለ ኮንቨርተሩ ካነሳን ዘንዳ፦ የኮምፒውተሩን ዩኤስቢ ወደዚያ ጥንድ ሽቦ የምታሻግር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። የፋብሪካው ሙሉ ኢንቨስትመንት በእሷ በኩል ያልፋል፤ የተገዛችው ግን መርካቶ ውስጥ ከስልክ ቻርጀር ጎን ተሰቅላ፣ በክርክር ነው። ኦርጅናል ናት ወይ ብሎ የጠየቀ ሁሉ «ኦርጅናል ናት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ፣ የእሱን አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ የሚቀይር ድራይቨር አወጣ፤ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ዓለምን ዞረ። ትላንት ሲሠራ ያደረ ኮንቨርተር ዛሬ ኮምፒውተሩ «አላውቅህም» አለው። ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩ ተመለሰ። ፎርጅድ መሸጥ ነውር ነው፤ ሳያውቅ የገዛውን ሰው ዕቃ መግደልም ሌላ ነውር ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ሻይ ላይ ስንከራከርበት እስካሁን አልተስማማንም።

ኮንቨርተሯ ሌላም ጠባይ አላት። ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ሲሰኳት ብዙ ጊዜ ስሟን ትለውጣለች። ትላንት ኮም 3 የነበረችው ዛሬ ኮም 7 ናት፤ ፕሮግራሙ ግን ኮም 3ን ነው የሚፈልገው። ዊንዶውስም ኃይል ለመቆጠብ ሲል ሥራ የፈታች የመሰለችውን ዩኤስቢ ያስተኛታል፤ አንዳንዷ ከተኛች በኋላ በወጉ አትነቃም። ይህን የማስተኛት ነገር ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያጠፋው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ኃይል መቆጠብ የሚል ነገር አጥፉ ሲባል ሰው ይፈራል መሰለኝ።

ሽቦው ራሱ አርኤስ-485 የሚባለውን ደረጃ ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች «ኤ» እና «ቢ» ይባላሉ። ምን ያጣላል? ትላላችሁ። ያጣላል። የአንዱ አምራች «ኤ» የሌላው አምራች «ቢ» ነው። ሁለቱም በመመሪያቸው ላይ እርግጠኞች ናቸው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አዲስ መሣሪያ ዝም ሲለው ከሁሉ በፊት ሁለቱን ገልብጦ ይሞክራል። ከዚያ ሌላ መስመሩ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፣ በደረጃው መሠረት 32 መደበኛ ተቀባዮችን ይሸከማል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተያያዘ መሄድ አለበት እንጂ ከመሀል እንደ ቅርንጫፍ አይበተንም፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰርበታል። ሬዚስተር ከሌለ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለስና ከሚከተለው ጋር ይጋጫል። እኛ ፋብሪካ ሽቦው ከኢንቨርተሩ የሞተር ኬብል ጋር በአንድ ቦይ ታቅፎ ተኝቶ ነበር። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ጥያቄው ይበላሻል፣ መሣሪያው በይሉኝታ ዝም ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። በዚህ በኩል የጋሼ «ቮልቴጅ ነው» እውነትነት የሌለው አልነበረም፤ ባማኋቸው አንደበት ይህንንም መናገሬ ግድ ነው፤ እሳቸውም ያነቡታል።

የመኪና ሚዛኑ ጉዳይ ግን ለብቻው ሊወራ ይገባዋል። በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ከሚዛኑ ጋር ተያይዟል። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ማውሱ ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ይዘል ጀመር። ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጎትታል። የበሩ ጥበቃ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ አማተበ፤ ጠበል ይረጭበት ያለም ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ጋር እንደማይስማማ ተነግሮት ተወ። የሆነው እንዲህ ነው፦ ሚዛኑ ሳይጠይቁት ክብደት ያለማቋረጥ የሚለፈልፍ ሆኖ ተስተካክሏል። ዊንዶውስ ሲነሳ በየኮም በሩ የድሮ ማውስ ተሰክቶ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ያን ልፍለፋ ሰማና «ማውስ አገኘሁ» አለ። ከዚያ በኋላ መኪና በወጣና በወረደ ቁጥር ጠቋሚው ይጨፍራል። ይህ በብዙ አገር የታወቀ፣ የቆየ ጣጣ ነው። መድኃኒቱም በዊንዶውስ የዕቃ አስተዳዳሪ (ዲቫይስ ማኔጀር) ውስጥ ያን የሌለ ማውስ ፈልጎ ማገድ፣ ካልሆነም ሚዛኑን ሲጠይቁት ብቻ እንዲመልስ ማድረግ ነው።

በኔትወርክ ኬብል የሚገናኙት ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው። አንድ ንጽሕና የሚወድ ሰው መሬት ላይ የተጣለ የኬብል ጫፍ ያይና ክፍት ያገኘው ቀዳዳ ላይ ይሰካዋል፤ ሌላኛው ጫፍ ለካ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። አንድ ለሁሉም የተላከ መልእክት እየዞረ፣ እየተባዛ፣ በአንድ አፍታ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ያኔ የሚደርቀው አንድ ኮምፒውተር አይደለም፤ ሁሉም ነው። ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት ይህን ክብ ፈልጎ የሚቆርጥ ዘዴ የፈለሰፈችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ርካሾቹ ስዊቾች ግን እስከ ዛሬ አያውቋትም። የመልእክት ጎርፍ የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ቀልድ አይታይም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2006 አላባማ ውስጥ በብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ጣቢያ፣ በኔትወርኩ ላይ በበዛ ትራፊክ ምክንያት የሁለት ትልልቅ ፓምፖች ኢንቨርተር መቆጣጠሪያዎች ደንዝዘው ፓምፖቹ ቆሙ፤ ሠራተኞቹም 3ኛውን ሪአክተር በእጃቸው አጠፉት። ቫይረስ ነው ያለ ሰው እዚያም ሳይኖር አይቀርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ኮምፒውተሩን መተው፣ መስመሩን መያዝ። ግማሹን መሣሪያ ከመስመሩ ላይ ነቅሎ፣ ከፕሮግራሙ ዝርዝርም ሰርዞ ማየት ነው፤ ሲነቀል ከዳነ ጥፋቱ በተነቀለው ግማሽ ነው፤ ያንንም እንደገና ለሁለት መክፈል። 20 ዕቃ ቢኖር በአምስት ጊዜ ግፋ ቢል ሟቹ ይገኛል። አንድ አንድ እያሉ ከ1ኛው መጀመር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ የትርፍ ሰዓት የሚከፈላቸው ናቸው።

ሁለተኛው ፕሮግራሙን ማረም ነው፤ አገራችን መፍትሔውን ድሮ ታውቀዋለች። ወጥ የጣደች ሴት ምድጃዋን ትታ ራሷ ጎረቤት ደጅ አትቆምም፤ ልጅ ትልካለች። «ሂድና ጥራልኝ፤ ካልመለሱ ቶሎ ና» ትላለች። በፕሮግራም ቋንቋ ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ስክሪኑን ከሚይዘው ተለይቶ፣ ከጀርባ ለብቻው እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ልጁ ቢዘገይ ወጡ አያርርም። ከዚያ ልጁን ማስተማር፦ ጤነኛው በ50 ሚሊሰከንድ የሚመልስ ከሆነ 1 ሰከንድ ሙሉ ምን ያቆምሃል? 200 ወይም 300 ይበቃሃል። ሦስቴ ጠርተህ ያጣኸውን ቤት በየዙሩ አትሂድበት፤ በየ30 ሰከንዱ አንዴ ጎራ በልና እይ፤ ሌሎቹን ግን አታስጠብቅ።

ይህን ሲያደርጉ ሌላ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መድረቁ የቀረለት ፕሮግራም መዋሸት ሊጀምር ይችላል። ልጁ ባዶ እጁን ተመልሶ ሳለ ስክሪኑ ትላንት የተነገረውን ግፊት ዛሬም በደማቁ ያሳያል፤ ኦፕሬተሯም ሁሉ ሰላም ነው ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። እኔ በበኩሌ እንዲህ ካለው የደረቀውን እመርጣለሁ፤ የደረቀው ቢያንስ ሰው ያስጠራል። ስለዚህ መልስ ያጣው ቁጥር ይደብዝዝ፣ ወይ ሰረዝ ይጻፍበት፣ መቼ እንደተሰማም ከጎኑ ይታይ።

ፕሮግራሙ ታረመ፣ ፊውዙ ተቀየረ፣ ሽቦው ከሞተሩ ኬብል ተለየ። የቀረው በሁለቱ ጫፎች የሚታሰሩት ሬዚስተሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ተደምረው የታክሲ ሒሳብ አያህሉም። ለግዥ ክፍል ተጻፈ፦ «ሬዚስተር፣ 120 ኦም፣ ብዛት 2»። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ አለ፤ ቀረበ። አሸናፊው ተለየ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተደረገበት። ዕቃው መጣ፤ የንብረት ክፍሏ እትዬ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለነበሩ እስካሁን ሞዴል 19 በሚሉት ደረሰኝ ገቢ አደረጉት። ከፍተን አየነው። 2 ኦም ሬዚስተር፣ ብዛት 120።

2 ኦም መስመሩ ላይ ቢታሰር ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከመጠምዘዝ አይለይም። ይመለስ ብንል የመመለሻ ቅጽ የለም። እትዬ በበኩላቸው «ኢንጂነር፣ ዕቃህን ቶሎ ውሰድልኝ፤ ሰኔ 30 ቆጠራ አለብኝ» ይላሉ። ጋሼ ከረጢቷን ተቀብለው ጥቂት አሰቡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«60ውን በተርታ ብናያይዘው ስንት ይሆናል?»

«120 ኦም።»

«የቀረው 60ስ?»

«እሱም 120።»

«ታዲያ ግዥ ክፍል ምን አጠፋ?» አሉና መበየጃውን ሶኬት ላይ ሰኩት።